የወንጪ ጭጋግ

ወይኒ የማታውቀው የሰፈር ወሬ የለም። ካዛንቺስ ውስጥ ማን ከማን እንደተጣላ፣ የማን ልጅ ክፍል እንደደገመ፣ ሁሉም መጀመሪያ በሷ ደጃፍ ነው የሚያልፈው።

ስለዚህ ማክሰኞ ዕለት ሁለት የዕድር ሽማግሌዎች ከጋሽ አባዲ ቤት አንገታቸውን ደፍተው ሲወጡ፣ ማንም ሳይነግራት ገባት።

ጋሽ አባዲ ፎቶ አንሺ ናቸው፤ ግን ሙሽራ አያነሱም፣ ክርስትና አያነሱም። ተራራና ዛፍ፣ ሐይቅና ደመና፣ ያውም በጥቁርና ነጭ ብቻ። ያን ሰሞን ስታዲየም አጠገብ ለሚከፍቱት ኤግዚቢሽን ይዘጋጁ ነበር። ሞባይል ገና የሀብታም ነውና በዚያ ረድፍ ስልክ ያለው እሳቸው ቤት ነው። ልጃቸው ናኦድ ከካርቱም፣ የወይኒ ልጅ ዮሃና ከቤሩት፣ የሚደውሉት እዚያው ነው።

ሰኞ ስልኩ ሲጮህ ጋሽ አባዲ ለፎቶ ሁለት ቀን ብለው መናገሻ ሄደው ስለነበር፣ ያነሳችው እህታቸው አርያም ነበረች። ከዚያ ወዲህ የአርያም ዓይን አብጧል።

"ናኦድ ነው፣ አይደል?" አለቻት ወይኒ በአጥሩ በኩል።

አርያም ከንፈሯን ነከሰች። "ወይኒዬ፣ በእናትሽ ዝም በይ። መርዶው ቅዳሜ ሊነጋ ሲል ነው። ከመቀሌ ዘመድ እየተጠበቀ ነው።"

"ምን ነካሽ! እኔ ወሬ አወጣለሁ?"

ሌላ ጊዜ ቢሆን አርያም በሳቅ በፈረሰች።

ወይኒ እውነትም አፏን ዘጋች፤ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ። ጋሽ አባዲ እስከ ቅዳሜ ምንም ሳይሰሙ፣ ሥራቸውን በሰላም እንዲሠሩ ብቻ ነው የፈለገችው። ምሳ ታመላልስላቸው ጀመር። መንገድ ላይ የሚያንሾካሽኩት እሷን ሲያዩ ዝም ይላሉ። "አይዟችሁ፣ እኔም አውቄያለሁ" ትላቸዋለች፣ በዓይኗ።

አርብ ምሳ ይዛ ፎቶ ወደሚያጥቡበት ጨለማ ክፍል ገባች። ቀይ አምፖል በርቷል። ነጭ ወረቀት ፈሳሽ ውስጥ ተዘፍዝፏል።

"ምንም የለበትም እኮ፣ ጋሽ አባዲ።"

"አለ። አልታየሽም እንጂ አለ።"

ቀስ እያለ የወንጪ ሐይቅ መጣ። ጭጋጉ መጣ። ገደሉ፣ ገደሉ ጫፍ ላይ ደግሞ የሩዝ ፍሬ የምታክል ሰው።

"ሰው ካለበት ተበላሸ አይሉም ነበር እንዴ?"

"ዮሃና ናት። የካሜራውን እግር ተሸክማልኝ ሄዳ፣ ሳላያት ገባችበት። ያኔ ተቆጥቻት ነበር።" ድምፃቸው ሰለለ። "አሁን እሷን ለብቻ ላወጣት ፈልጌ... ባጎላኋት ቁጥር ጭጋግ ትሆንብኛለች።"

ወይኒ ምሳውን አጠገባቸው አስቀመጠች። ምስኪን፣ የሰው ልጅ እያዩ የራሳቸው ናፍቋቸው ነው። ዓይናቸውም ደም መስሏል፤ ፈሳሹ ነው፣ አለች በልቧ።

"ተራራዎን ይሥሩ ባክዎ! የኔዋ ቀበጥ ለፋሲካ ስትመጣ በአካል ያነሷታል።"

ጋሽ አባዲ ሳህኑን ወደሷ ገፉት።

"አንቺ በልተሻል?"

"እኔ ምን ይለኛል!"

"ብዪ፣ ወይኒ። ዛሬ ብዪ።"

ቅዳሜ ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሳች። ጥቁር ቀሚሷን ለበሰች፤ እንደ ለቀስተኛ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ሽማግሌዎቹ ወደ ጋሽ አባዲ ቤት ሲያልፉ ልትከተላቸው በሯ ሥር ቆማ ጠበቀች። የብዙ ሰው ኮቴ መጣ፤ ደጃፏ ላይ ሲደርስ ቆመ። እንባዋ ቀድሟት ነበርና ድምጿ እንዳይሰማ አፏን ይዛ በሩን ከፈተች።

ከሰዉ ሁሉ ፊት፣ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው የቆሙት ጋሽ አባዲ ነበሩ።