ሃምሳ ክንድ

የባሏ ወንድም አያ ደምለው መሬቱን ሲያካፍላት፣ «ሃምሳ ክንድ ለአንቺ፣ ሃምሳ ክንድ ለእኔ» ብሎ ነበር። እሷ ያን ቀን የባሏ ሐዘን ላይ ስለነበረች ሲለካ አላየችም። በኋላ ግን ማሳው በሁለት ሰው ክንድ እንደተለካ ሰማች፦ ግማሹ በራሱ በቀውላላው፣ ግማሹ በአጭሯ ሚስቱ። «የአጭሯ ክንድ ለእኔ መድረሱ መች ጠፋኝ!» እያለች አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተብሰለሰለች።

ዘንድሮ የጎልማሶች ትምህርት ሲከፈት ከሁሉ ቀድማ ተመዘገበች። መምህርቷ ሜትር ዘርግታ፣ «ርዝመቱን በወርዱ ስናባዛ ስፋቱን እናገኛለን። ስፋቱን ያላወቀ ገበሬ ዘሩንም ማዳበሪያውንም በግምት ይበትናል። በሉ፣ የየራሳችሁን ማሳ ለክታችሁ ኑ» አለች።

«እኔ ሁለት ነው የምለካው» አለች ሴትዮዋ።

«እትዬ፣ ሁለት ማሳ አለዎት እንዴ?»

«አንዱ የሌባ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

ቅዳሜ አያ ደምለው ገበያ እስኪወርድ ጠብቃ፣ መምህርቷን የሜትሩን ጫፍ አስያዘቻት። የሁለቱ ማሳ ርዝመት እኩል ነው። ወርዱ ግን የእሱ ሃያ አንድ ሜትር፣ የእሷ ሃያ አምስት ሆነ።

«ድገሚው» አለች። ሦስት ጊዜ ደገሙት። ያው ነው።

አያ ደምለው ከገበያ እንደተመለሰ፣ አሥራ አንድ ዓመት ያልረገጠችውን ደጁን አልፋ ገባች። ሰውዬው ደንግጦ ከመደቡ ተነሳ።

«አያ ደምለው፣ አንቱ መለካት አያውቁም!» ብላ ጮኸችበት። «ሰኞ ከእኔ ጋር ትምህርት ቤት ይሄዳሉ!»

ከዚያ ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ሳመች።