ለእህቷ የተወለደችው

ሶልያና የተወለደችው ለታላቅ እህቷ መድኃኒት እንድትሆን ነበር። በዚያ ዘመን ለአንድ ቤት የሚፈቀደው አንድ ልጅ ብቻ ነው። የኤልዳና መቅኒ ደም መሥራት ሲያቅተው ግን ሕጉ ለወላጆቿ እሷ እስክትድን ድረስ ብቻ ሁለተኛ ልጅ በውሰት ፈቀደላቸው፤ ከትንሿ መቅኒ የሚቀዳው ግንደ ሕዋስ በትልቋ አጥንት ውስጥ አዲስ ደም እንዲያበቅል። ሶልያና ስድስት ዓመት ሙሉ ወገቧን ተወጋች።

አንድ ጠዋት ኤልዳና ፈጽማ መዳኗ ተነገረና ቤቱ በእልልታ ቀለጠ።

«እማዬ፣ ከእንግዲህ አልወጋም ማለት ነው?» አለች ሶልያና እየፈነደቀች።

እናቷ ዓይን ዓይኗን ሳታያት የሹራቧን ቁልፎች ቆለፈችላት። «የመቅኒ ለጋሾች ማዕከል መኪና ደጅ ቆሟል። ሌሎች የታመሙ ልጆች አሉ፣ የኔ ልጅ።»

«መቼ ትመጪልኛለሽ?»

እናቷ በሩን ከፈተችላት።

ሻንጣዋን እስከ መኪናው የተሸከመችላት ኤልዳና ነበረች፤ ጉልበቷ መመለሱን እናቷ እንድታይላት እየሮጠች።