የቀለለው ከባድ ውሃ

ሮሲዮ ወደ ሳንታ ፌ የመጣች ዕለት ዶን ኡባልዶ ከወንበራቸው ተነስተው ተቀበሏት። ኔሊዳ ይህን አልረሳችም። እሷ በዚያ ላቦራቶሪ ፀጉሯ እስኪሸብት ስትሠራ፣ ሽማግሌው አንድ ቀን እንኳ ተነስተውላት አያውቁም።

ዶን ኡባልዶ በመጋቢት ጡረታ ሊወጡ ነው። ለሁለቱ ሴቶች አንድ ጥያቄ ሰጧቸው፦ ተራ ውሃና ከባድ ውሃ ኒኬል ላይ ሲያርፉ ብረቱን አጥብቆ የሚይዘው የትኛው ነው? ልኬቱን አጥርታ ያመጣችው ወንበሩን እንደምትወርስ ለሁሉም ግልጽ ነበር። ኔሊዳ ደግሞ ከዚያ ወንበር ሌላ የጠበቀችው ነገር አልነበራትም።

ከባድ ውሃ ሲያዩት ውሃ ነው። ሃይድሮጂኑ ግን ከተራው እጥፍ ይከብዳል፤ ብረት ላይ ሲለጠፍም አያያዙ ይለያል። አየሩ ተመጥጦ በወጣ ጋን ውስጥ እንፋሎቱን ቀዝቃዛ የኒኬል ዝርግ ላይ ማሳረፍ፣ ከዚያ ቀስ እያሉ ማሞቅና በምን ያህል ሙቀት እንደሚለቅ ማየት ነው ሥራው። ችግሩ ከባድ ውሃ ታማኝ አለመሆኑ ነው። እርጥበት ባገኘበት ሁሉ ሃይድሮጂኑን ይለዋወጥና ይቀላል። ኔሊዳ ይህን ለአዳዲስ ተማሪዎች ስትደግመው ስለኖረች በእንቅልፏም ትለዋለች።

ለሁለቱም እኩል፣ ያልተከፈተ ጠርሙስ ተሰጣቸው። በመጀመሪያው ሳምንት የሁለቱም ልኬት አማረ። ዶን ኡባልዶ የሮሲዮን ወረቀት አንስተው «እንዴት ያምራል!» አሉ። የኔሊዳን አይተው «ጥሩ ነው» አሉና አስቀመጡት።

ኔሊዳ አንጀቷ አረረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠርሙሷን መጠበቅ ያዘች። ውሃው የደረሰበት ላይ በጥፍር ቀለሟ ቀይ መስመር አሰመረች። ጠዋት ጠዋት ከሁሉም ቀድማ ትገባለች፣ ማንቆርቆሪያውን ትጥዳለች፣ ማቴ የሚባለውን የቅጠል ሻይ የምትጠጣበትን ቅል ታዘጋጃለች። ጠርሙሱን ከፍታ ክዳኑን ከአልፋሆር ብስኩቷ አጠገብ ጣል ታደርግና አንዲት ጠብታ ትቀምሳለች። ከባድ ውሃ ትንሽ ጣፋጭነት አለው። ከዚያ ጠርሙሱን ፊቷ አቁማ፣ ማቴዋን እየመጠጠች፣ ዓይኗን ከበሩ ሳትነቅል ሮሲዮ እስክትመጣ ትቀመጣለች።

ጥር፣ የዚያ አገር የሙቀት ወር፣ ገባ። የላቦራቶሪው ማቀዝቀዣ እንደ ልማዱ ተበላሸ፤ ከወንዙ የሚመጣው ወበቅ ገመድ ላይ የዋለ ሸሚዝ እንኳ አያደርቅም። የኔሊዳ ልኬትም ይበላሽ ጀመር። ከባዱ ውሃዋ ልክ እንደ ተራው ብረቱን ቶሎ እየለቀቀ አስቸገራት። ጣፋጭነቱም ጠፋ።

በየቀኑ እየቀዳችለትም የውሃው ልክ ግን ከቀዩ መስመር ንቅንቅ አላለም።

«ሮሲዮ ናት፤ ትቀዳለች፣ በቧንቧ ውሃ ትተካለች» አለች ኔሊዳ ለራሷ።

በዚያው ሰሞን ሮሲዮ እየፈራች ጠጋ አለቻት። «ዶኛ ኔሊዳ፣ ካልተቀየሙኝ... ስለ ጠርሙሱ አንድ ነገር ልበልዎት ብዬ—»

«የኔ ጠርሙስ ምንሽ ነው? አንቺ ጡጦ ስትጠቢ እኔ ይሄን ውሃ እቀዳ ነበር፣ ገባሽ?»

ሮሲዮ ፊቷ ቀላ፤ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ኔሊዳ ያንን መቅላት በልቧ ያዘችው።

ጠርሙሱን ካቢኔት ውስጥ ቆለፈችበት። አንዱን ቁልፍ ከእመቤታችን ሜዳሊያ ጋር አንገቷ ላይ አሰረች፤ ሌላው ዶን ኡባልዶ ዘንድ ነበር። ውሃው ግን መቅለሉን አላቆመም። ይባስ ብሎ አንዳንድ ጠዋት ሲቀመስ እንደገና ይጣፍጣል፤ ልኬቱ አንድ ቀን ያምርና በማግስቱ ይበላሻል።

«ትጫወትብኛለች!» አለች ኔሊዳ፤ ደሟ ፈላ።

አንድ ቀን በኮሪደሩ ስታልፍ የሮሲዮን ድምፅ ሰማች።

«ዶን ኡባልዶ፣ ከባድ ውሃዬ እያለቀብኝ ነው። ሌላ ይታዘዝልኝ?»

«እስከ ሰኔ አይደርስም፣ ልጄ። ባለሽ ተብቃቂ።»

ልጄ! ኔሊዳን በዚህ ቃል ጠርተዋት አያውቁም። የራሷን ጨርሳ ወደ እኔ ዞራለች ማለት ነው፣ ብላ ጥርሷን ነከሰች።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ፣ ሁሉም ለሸለብታ ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ ኔሊዳም የሄደች መስላ ወጣችና ተመለሰች። ሮሲዮ ካቢኔቱ ፊት ቆማለች። የዶን ኡባልዶ ቁልፍ መቆለፊያው ላይ ተንጠልጥሏል። የኔሊዳ ጠርሙስ ተከፍቷል፤ ከጎኑ የሮሲዮ ጠርሙስ ቆሟል። ሮሲዮ ሲሪንጅ ይዛለች።

«ሌባ! ይኸው፣ እጅ ከፍንጅ!»

ዶን ኡባልዶ ከቢሯቸው ወጡ። «ኔሊዳ፣ ረጋ በይ...»

«ቁልፉን የሰጧት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ። ስሚኝማ—»

ሮሲዮ በዓይኗ ለመነቻቸው። ሽማግሌው የጀመሩትን ዋጡት።

«ዶኛ ኔሊዳ ልክ ናቸው» አለች ሮሲዮ። «የሰው ጠርሙስ መንካት አልነበረብኝም። እኔ እሄዳለሁ፤ ቦታውም የሚገባው ለእሳቸው ነው።»

ማታውኑ ወደ ኮርየንቴስ፣ ወደ እናቷ ቤት በአውቶብስ ተሳፈረች። የተሰናበታት ዶን ኡባልዶ ብቻ ነበሩ።

ኔሊዳ ጠዋት እየዘፈነች ገባች። ማንቆርቆሪያውን ጣደች፣ ጠርሙሱን ከፈተች፣ ቀመሰች። ይጣፍጣል! እንደ መጀመሪያው ቀን ይጣፍጣል። ልቧ ቅቤ ጠጣ። የመጨረሻው ልኬት ሳምንቱን ሙሉ የሚሠራ ነው፤ አሁን ማን ያበላሽባታል? ዛሬ በሩን መጠበቅ ስለሌለባት ጠርሙሱን ፊቷ እንዳለ ትታ፣ ማቴዋን ደጋግማ እየሞላች ተዝናንታ ጠጣች።

ዶን ኡባልዶ በሩ ላይ ቆሙ። ዓይናቸው የሚንተከተከውን ማንቆርቆሪያ፣ ከዚያ ጠርሙሱን፣ ከዚያ ከብስኩቱ አጠገብ የወደቀውን ክዳን አየ።

«አዩ ዶን ኡባልዶ?» አለች ኔሊዳ እየሳቀች። «ሌባዋ ስትሄድ ውሃዬ ጣፈጠ።»

ሽማግሌው ክዳኑን አንስተው ዘረጉላት።

«እንግዲህ ከራሷ እየቀነሰች የምትሞላልሽ የለችም፣ ኔሊዳ፤ በይ ግጠሚው።»