የሃያሲው ጢም

የእታገኝ ልቦለድ ስለ አንዲት የአፍሪካ መንደር ነው፤ ነጮቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ቢሄዱም ቃላቸውን በሰዉ አፍ ላይ ትተውት ነበር። በምረቃው ዕለት፣ መጽሐፉን ከማንበብ ይልቅ ጢሙን ሲያበጥር የሰነበተ የሚመስለው ሃያሲ መድረክ ላይ ወጥቶ አብጠለጠለው።

«ይሄ የተውሶ እሮሮ ነው» አለ፣ እንደ ቀንድ የተጠማዘዘ ጢሙን እያሻሸ። «ሌላው አፍሪካዊ ያልቅስ፤ የነጭ ቃል ጣል ሳያደርግ ወግ መያዝ አይችልም። የእኛን አንደበት ግን ማን ነክቶት ያውቃል? ስሚ ልጄ፣ ጣሊያን አምስት ዓመት ሙሉ ተፍጨርጭሮ አንዲት ቃል አፋችን አላስገባም። እስቲ ከእኔ አፍ አንዲት የጣሊያን ቃል ስትወጣ የሰማ ይምጣና ይሄን ጢሜን ይላጨኝ!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እታገኝ አንገቷን ደፋች።

ሰዉ ሲበተን የሃያሲው መኪና አልነሳም አለች። በንዴት ጦፎ መካኒኩ ጋ ደወለ።

«ስማ ጎሹ፣ ትናንት ሠራኋት ያልካት መኪና አስፋልት ላይ ገተረችኝ! ካንዴላው አዲስ ነው አላልከኝም? ፍሪሲዮኑም ያው እንደ ድሮው ነው፣ ካምቢዮው ያንገጫግጫል፣ ፍሬቻው አይበራም፣ ማርሚታው ያጓራል። የጎማውንስ ነገር ተወው! በል ፒያሳ ነኝ፣ ቶሎ ድረስልኝ። ቻው!»

ስልኩን ኪሱ ከቶ ዞር ሲል እታገኝ ከኋላው ቆማለች። ዓይኗን ጢሙ ላይ ተክላዋለች።