ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚቆመው ቅርጫት

ከታች ከጣፋጭ ቤቱ ተሞልቶ በገመድ ሽቅብ የሚሳበው ቅርጫት ሁለተኛ ፎቅ ሲደርስ ቀጥ ይላል፤ በነርሚን በረንዳ ላይ። ሰሃን ሙሉ ኩናፋ፣ በቅቤና በስኳር የራሰ ጣፋጭ፣ ይዟል። ነርሚን ከእናቷ ጋር ስልክ እያወራች ነው።

«ዛሬም ኩናፋ? ነገ ሐኪሙ ጉበቴን እንደሚያየው እያወቅሽ? እማዬ፣ ምን አድርጌሽ ነው?»

«የምን ኩናፋ?» ይላሉ እናቷ። ከኋላቸው የቲማቲም ሻጭ ይጮኻል። «እኔ ከጠዋት ጀምሮ ገበያ ነኝ።»

ነርሚን ከበረንዳው አንገቷን አስግጋ ወደ ላይ ታያለች። ገመዱ የሚመጣው ከወላጆቿ ቤት፣ ከአምስተኛ ፎቅ ነው። እናቷ ገበያ ከሆኑ ቤት ያሉት አባቷ ብቻ ናቸው። ጉበታቸው አልሠራም ብሎ ዓይናቸው ቢጫ የሆነው፣ በየቀኑ የምትጨነቅላቸው አባቷ።

ሥራዋ ስልክ መመለስ ነው፤ ኢንተርኔት የተቋረጠባቸውን ደንበኞች ከቤቷ ሆና ታስተናግዳለች። ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ ማቀዝቀዣ ስትል ሳይታወቃት እንደ ሊጥ ኩፍ አለች። ከጉበቷ ተቆርሶ ለአባቷ ይሰጥ ብላ ስትቀርብ ሐኪሙ እቅጩን ነገራት፤ ደማችሁ ገጥሟል፣ ያንቺም ጉበት ግን ስብ ይዟል፣ ስቡ ካልጠፋ ቢላ አላነሳም። ከቤተሰቡ ደግሞ ደሙ የገጠመ ሌላ ሰው የለም።

በነጋታው ወንበሯን ለጎረቤት ሰጠች። ኮምፒውተሯን የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ ላይ አቁማ፣ ቆማ መሥራት ጀመረች። ደንበኛ ሲሰድባት ከማድ ቤት በረንዳ እየተመላለሰች ታዳምጣለች። ካይሮ ውስጥ ተሳዳቢ ደንበኛ አይጠፋም፤ ተመስገን፣ ቀኑን ሙሉ ስትራመድ ትውላለች። ቀሚሶቿ ሁሉ ሰፍተዋታል። ነገ ምን እንደሚሏት በልቧ ታውቀዋለች።

የምሳ ሰዓቷ ነው። ማዳመጫውን ከጆሮዋ ታወልቅና የኩናፋውን ሰሃን ከቅርጫቱ አንስታ ወደ ወላጆቿ ቤት ትወጣለች። አሳንሰሩን ዞር ብላም አታየው። ደረጃውን የሚወለውለው ዘበኛው ራሽዋን ቀና ይላል፤ ዓይኑ ግን ሰሃኑ ላይ ነው።

«ምነው፣ ወደ ላይ?»

«ዛሬ ለባለቤቱ ይመለሳል፣ ጋሽ ራሽዋን።»

«እንግዲህ ምን ይደረጋል» ይላል ራሽዋን፤ ከልቡ አዝኗል።

አባቷ፣ ኡስታዝ ፋውዚ፣ በረንዳው ላይ ናቸው። ገመዱን በሁለት እጃቸው ይዘው ባዶው ሰሃን እስኪመለስ ይጠብቃሉ። ከስተው ሸሚዛቸው ውስጥ ጠፍተዋል።

«አንተ ነህ እንዴ?» ትላለች ነርሚን።

ይደነግጣሉ። ገመዱን ግን አይለቁትም።

«በአሳንሰር ነው የመጣሽው?»

«በደረጃ።»

ትንፋሿን ያዳምጣሉ። የተለመደውን ማለክለክ ቢጠብቁም አልሰሙም። ፊታቸው ይጠቁራል።

«ወፍራም ከሆንሽ አይቆርጡሽም ብዬ ነው» ይላሉ በመጨረሻ፣ ወደ መንገዱ እያዩ። «እኔ ኖሬያለሁ፣ ልጄ። በልቻለሁ፣ ጠጥቻለሁ፣ ድሬሻለሁ። አንቺን አልጋ ላይ አስተኝተው ሆድሽን ሲከፍቱት ደጅ የምቀመጥበት አንጀት የለኝም።»

«ደጅ አትቀመጥማ። አንተም አጠገቤ ተኝተህ ነው የምትከፈተው።»

«አትቀልጂ።»

ነርሚን ሰሃኑን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች።

«ዕድሜህን በሙሉ የስፖርት አስተማሪ ነበርክ። ሜዳ ሲዞር አንዲት ዙር የሰረቀ ተማሪ ታስለቅስ የነበርከው ሰውዬ፣ እኔን በኩናፋ ልትጥለኝ?»

«በልተሽዋል እኮ! ሰሃኑ ባዶውን ነው የሚመጣው።»

«የጋሽ ራሽዋንን ሆድ ሰሞኑን አይተኸዋል?»

ኡስታዝ ፋውዚ ያስባሉ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ጎናቸውን ይዘው እስኪያማቸው ይስቃሉ።

«እኔ ደግሞ ይሄ ሰውዬ ደመወዝ ተጨመረለት ወይ እያልኩ!»

ነርሚንም ትስቃለች። አባቷ ግን እሺ እስካላሏት ድረስ ስቡ ቢጠፋም ከንቱ ነው፤ ሐኪሙ በሽተኛው ካልፈቀደ አይነካቸውም። ልትለምናቸው ታስብና ትተወዋለች። ገመዱን ከእጃቸው ተቀብላ ባዶውን ቅርጫት ወደ ላይ ትስባለች፤ ቋጠሮውንም መፍታት ትጀምራለች።

«ምን ልትሆኚ ነው?»

«ልወስደው። እዘልበታለሁ። ቆሜ ብቻ መዋሉ ሰልችቶኛል።»

ሁለቱን የገመድ ጫፎች በእጆቿ ይዛ ትቆማለች። መሃሉ በረንዳው ላይ ተከምሯል። አባቷ ያያሉ። አንድ ጊዜ ዞር ይላሉ፤ መልሰው ያያሉ፤ አልቻሉም።

«እንደሱ አይያዝም» ይላሉ።

«ታዲያ እንዴት ነው?»

«እርገጪው። አይ፣ በሁለቱም እግርሽ። ቀጥ በይ፣ ትከሻሽን አትስቀዪው።»

የበረንዳውን ብረት ይዘው በቀስታ ያጎነብሳሉ። ገመዱን ከጫማዋ ስር አውጥተው፣ በሁለት በኩል እስከ ብብቷ ይለኩታል። እጃቸው ልኩን አልረሳውም። ከመሳቢያው መቀስ አምጥተው ይቆርጡታል።

«ከረዘመ እግር ይጠልፋል። በጣቶችሽ ብቻ ነው የምታርፊው፣ ተረከዝሽ መሬት እንዳይነካ። ደግሞ ባዶ እግርሽን አትዝለይ።» መቀሱን ያስቀምጣሉ። «ነገ ስንት ሰዓት ነው ያሉን?»

«ጠዋት ሦስት ሰዓት» ትላለች።

ኡስታዝ ፋውዚ በእሺታ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የቀረውን ገመድ ከቅርጫቱ ጋር መልሰው ያስሩና ቁልቁል ይለቁታል። አራተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ ሁለተኛውን ፎቅ አልፎ ይወርዳል። ጣፋጭ ሻጩ እንደ ሁልጊዜው ሊቀበል ይወጣል። ቅርጫቱ ከራሱ በላይ ቀጥ ይላል። ሰውዬው በእግሩ ጣቶች ቆሞ ሁለት እጁን ይዘረጋል፤ አይደርስበትም።