ባዶ ነው

በደብረ ማርቆሱ ምሽግ ውስጥ፣ አማርኛ የማያውቀው ጣሊያናዊ መቶ አለቃ የቁማር ካርታውን ወደ ደረቱ አስጠግቶ ፈገግ አለ። ከፊቱ የተቀመጠው በላቸው ቢያሸንፍ የታሰረ ወንድሙን ይዞ ይሄዳል፤ ቢሸነፍ በቅሎውን ያስረክባል። አሁኑኑ ካርታውን ጥሎ ከጨዋታው ቢወጣ በቅሎዋ ትተርፋለች፤ ወንድሙ ግን እዚያው ይቀራል። እጁ ላይ የሚረባ ነገር ቢኖር ሁለት ሰባት ብቻ ነው።

ጧት በላቸው «የጣሊያን ገረድ» ብሎ ሰላምታ የነፈጋት ደብሪቱ ከመቶ አለቃው ትከሻ ኋላ ቆማለች። የጠጁን ገንቦ እንዳቀፈች «ምን ልቅዳልህ ወንድሜ? ባዶ ነው» አለችው።

በላቸው ገንቦውን አየ። እስከ አፉ ሞልቶ ጠጁ በእጇ ላይ ይንጠባጠባል።

«ይገለጥ!» ብሎ ጠረጴዛውን በጣቱ መታ።

መቶ አለቃው አንድ ጥንድ እንኳ የሌለባቸውን ካርታዎቹን ወረወረ። በላቸው ተነሥቶ መሬት እስኪነካ እጅ ነሣ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እኅቴ።»

መቶ አለቃው ምስጋናው ለእሱ መስሎት ራሱን ነቀነቀ።