ምልክቱን ማን ይልቀቅ

ጭምቱ ወጣት «አቁም» የሚለውን ቢጫንም፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው የመድኃኒት ማንጠባጠቢያ ማሽን አላቆመም። ጠብ፣ ጠብ እያለ የፕላስቲክ ኩባያውን ሞልቶ አፈሰሰ። የቆመው ሌላ ነበር፤ የመድኃኒት መጋዘኑ ፕሮግራም ቀጥ ብሏል።

ምክንያቱ ወዲያው ገባው። እዚህ ቢሮ እያንዳንዱ ሰው የፕሮግራሙን አንድ ክፍል ለብቻው ይጽፋል። ክፍሎቹ ሲገጣጠሙ ስም ከስም እንዳይጋጭ ሁሉም በትእዛዞቹ ፊት የራሱን ምልክት ያስቀምጣል፤ ሞክሼዎች በአባት ስም እንደሚለዩ። ዛሬ ግን የእሱ የማንጠባጠቢያ ክፍልና የቢሮው አንጋፋ የሆኑት የጋሼ የመጋዘን ክፍል አንድ ምልክት ይዘው ተገናኙ።

አለቃቸው እናንተው ተስማሙ ብላ ወደ ስብሰባዋ ሄደች።

ለሚያስብ ሰው ነገሩ ቀላል ነበር። የጋሼ ሥራ ገና ከቢሮ አልወጣም። የእሱ ግን ከመንገዱ ማዶ ባለው ሆስፒታል፣ በበሽተኞች ራስጌ እየሠራ ነው። እሱ ከቀየረ ነርሶቹ ከጠረጴዛቸው የሚልኩት «አቁም» በአዲሱ ስም ይሄዳል፤ ማሽኖቹ ግን ቦታው ድረስ ተሄዶ አንድ በአንድ እስኪስተካከሉ የሚያውቁት አሮጌውን ብቻ ስለሆነ አይሰሙትም።

ይህን ለመናገር ደጋግሞ ጉሮሮውን ጠረገ። ጋሼ ሥራ ያስገቡት፣ ሙያውንም እጁን ይዘው ያስተማሩት ሰው ናቸው። በዚያ ምልክት መጻፍ የጀመሩት እሱ ገና ንፍጡን ሳይጠርግ እንደነበር እየሳቁ ነገሩት።

«ሽማግሌ ምልክቱን ለልጅ ለቀቀ ሊባል ነው? አንተ ቀይር፣ ልጄ።»

«ማሽኖቹ ግን፣ ጋሼ...»

«እነሱን ጠዋት ሄደን እናስተካክላለን። ሆስፒታሉ እንደሆነ እግር የለው፣ አይሸሽ።»

ቀየረ። የጠረጴዛው ማሽን አዲሱን ስም ተቀብሎ ሲያዙት ጸጥ አለ፤ ጋሼ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። የቀረው ወደ ሆስፒታሉ መላክ ብቻ ነበር። እጁ ቁልፉ ላይ ደረቀ። እምቢ ለማለት አፉ፣ ለመጫን ጣቱ አልታዘዝ አለው።

«ምነው፣ ተኛህ እንዴ?» ጋሼ በትከሻው በኩል ተንጠራርተው ራሳቸው ተጫኑት።

ጃኬቱን እንኳ አላነሳም። ወዴት ነው ሲሉት መጣሁ ብሎ ወጣ። የሆስፒታሉ ማሽኖች ጎናቸው ላይ በእጅ የሚጠመዘዝ መዝጊያ አላቸው፤ ወደ ግራ ይሁን ወደ ቀኝ ግን ጠፋበት። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ሲወርድ፣ አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ባዶ አየር ያጠብቁ ነበር።